ኩብኩባውን ማን ነው የሚነዳው?

በሰሜን ወሎ ቆላ፣ አፋርን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት የሠራች እህት በውይይት መድረካችን ላይ የከፈተችው ክር 31 ምላሽ ላይ ደርሷል። ብዙ ሰው 14ኛው ላይ ጠቡን አይቶ ይወጣል፤ የክሩ ምርጥ ክፍል ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ሁሉንም በተራ አወጋለሁ። ከምላሾቹ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ጉዳዩም ከልቤ የምወደው ነው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ ጠያቂዋ ቦታው ላይ ነበረች። የጻፈችው ግን ሰማይ ስለሸፈነው መንጋ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በቆላው ስላየችው፣ ገና ክንፍ ስላላወጣው ኩብኩባ ነው። ቁጢጥ ብላ ያስተዋለችውን አንድ በአንድ አስፍራለች። ጥቁርና ቢጫ፣ ርዝመቱ ከጣት አንጓ የማያልፍ፣ መሬቱ እስኪጠፋ የተነጠፈ፤ ሁሉም እየተራመደና እየዘለለ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ድንጋይ ሲገጥመው ለሁለት ይከፈልና ከድንጋዩ ወዲያ እንደገና ይገናኛል። አንዱን አንሥታ ፊቱን ወደመጣበት አዙራ ስታስቀምጠው ጥቂት ይዘላል፣ ከሚመጡት ጋር ይላተማል፣ ከዚያ ዞሮ አብሯቸው ይነጉዳል። ግንባሩን ተከትላ ብትሄድም መሪ የሚባል አላገኘችም። ፊት የነበረው ቅጠል ሲያገኝ ይቆማል፤ ከኋላ የነበረው ያልፈዋል፤ እሱም በተራው ይቆማል።

መሪ ከሌለ አቅጣጫውን የሚመርጠው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ቀጥላም፣ መልሱ ያለው በአንዱ ኩብኩባ ሆድ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው እንደሆነ እንደምታምን ጻፈችና የፊዚክስ ሰዎች እንዲረዷት ለመነች።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በዕድሜ ገፋ ያሉ ዲያቆን ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው ጥያቄዋ ጥንታዊ መሆኑን አስታወሷት። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ላይ ከምድር ታናናሽ ሆነው እጅግ ጠቢባን ከተባሉት አራት ፍጥረታት አንዱ አንበጣ ነው፤ ንጉሥ ሳይኖረው በሥርዓት እንደሚሄድ የተነገረለትም በዚሁ ቦታ ነው። ያን ያህል ዘመን ሰው ያየውን ነገር እንዴት እንደሚሆን ለመመርመር መነሣቷን መርቀው ተሰናበቱ። ጥያቄው በፊዚክስ ቋንቋም ከዚህ በተሻለ አይቀመጥም፦ ንጉሥ የለም፣ ሥርዓት ግን አለ።

ምላሽ 2

በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ከብረት ተነሣ። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ቀስት ነው፤ የሚነካው የቅርብ ጎረቤቱ ብቻ ነው። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ቀስቶቹ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ፤ ከዚያ በታች ሲበርድ ማንም ሳያዛቸው ብዙኃኑ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ታማሽ ቪቼክ የተባለ የሃንጋሪ ፊዚክስ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሐሳብ ለሚንቀሳቀሱ ነገሮች እንዳዋለው አስረዳ። በቪቼክ ሞዴል ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ በእኩል ፍጥነት ይጓዛል፤ በየእርምጃው በዙሪያው ያሉትን ጎረቤቶች አማካይ አቅጣጫ ይወስድና ትንሽ ስህተት ይጨምርበታል። ሕጉ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ስህተቱ ብዙ ሲሆን ወይም ነጥቦቹ ሲሳሱ ትርምስ ይሆናል፤ ስህተቱ ሲቀንስ ወይም ነጥቦቹ ሲጠቀጠቁ በአንድ ጊዜ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይነጉዳሉ። ስለዚህ አቅጣጫውን የሚመርጥ ማንም እንደሌለ፣ መጀመሪያ በአጋጣሚ ትንሽ ያጋደለው ወገን እንደሚያሸንፍ ደመደመ። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነበር፤ ሃያ ያህል ሰው ምስጋናውን ቸረው።

ምላሽ 3 እና 4

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ በኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው ወይስ በእውነተኛ አንበጣ ታይቷል ብሎ ጠየቀ። የዕድሜ እኩዮቹ ቢኮሩበት ይገባል፤ የክሩ ግማሽ የተሸከመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

4ኛው ላይ እንግሊዝ አገር ሥነ ሕይወት የምታጠና ልጅ መለሰችለት። በ2006 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ መሐሉ ጉብ ያለ ክብ መድረክ ሠርተው፣ ኩብኩባዎቹ በቀለበት እንዲዞሩ አድርገው፣ ከላይ በካሜራ ለሰዓታት ቀረጿቸው። ከ5 ጀምረው እስከ 120 ድረስ ቁጥራቸውን ለወጡ። ሲያንሱ እያንዳንዱ በየፊናው ነው። ሲበዙ አብረው ይዞራሉ፤ ግን በድንገት ሁሉም ተገልብጠው በተቃራኒው መዞር ይጀምራሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 74 ገደማ ካለፉ በኋላ ግን ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ አቅጣጫቸውን አልቀየሩም። ልጅቷ 74 የሚለውን ቁጥር በትልቁ ጻፈችው፤ በኋላ የተነሣው ጠብ ግማሹ ከዚህ ቁጥር የመነጨ ነው።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7

እዚህ ጋ ወሬው ወደ ትዝታ ሄደ። ከቨርጂኒያ የጻፈች እናት በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ተመትቶ፣ መስታወቱ ተሸፍኖ አዲስ አበባ እንዳረፈ አነሣች። አንድ የራያ ሰው ሕፃን ሆኖ ጣሳና ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጭስ እያጨሰ ከወንድሞቹ ጋር ማሳ ላይ መዋሉን ጻፈ፤ ያባረሩት ወደ ጎረቤት ማሳ እንደሚሄድና ጎረቤትም መልሶ እንደሚያባርረው ሲናገር ምሬቱ ይሰማል። ከሪያድ የጻፈው ደግሞ በሳዑዲ ገበያ አንበጣ በከረጢት ተሸጦ ተቀቅሎ እንደሚበላ አጫወተ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ፤ ወደ ጥያቄው ግን አልመለሱንም።

ምላሽ 8

የመለሱን ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንበጣ መከላከል ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ትሕትናቸው ሳይጓደል ጠበቅ አድርገው አረሙ። የሚበረውንና የሚራመደውን አንድ ላይ ማውራት ስህተት ነው። ክንፍ ያለው መንጋ ወዴት እንደሚሄድ በዋናነት የሚወስነው ነፋስ ነው፤ መንጋው ነፋሱን ተከትሎ ነፋሶች ወደሚገናኙበት፣ ማለትም ዝናብ ወደሚጥልበት ቦታ ይደርሳል። በ2018 እ.ኤ.አ. መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረብ ባሕረ ገብ መሬትን በረሃ አራሱት፤ አንበጣው ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ተራባ፤ ከየመን ተሻግሮ ወደ እኛ ገባ፤ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ሆነ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ 40 ሚሊዮን ገደማ አንበጣ ሊይዝ እንደሚችልና በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል እንደሚበላም ጨመሩ። ኩብኩባው ግን በእግሩ ነው፤ ነፋስ አያነሣውም። ስለዚህ የእርስ በርስ ነገር ጎልቶ የሚታየው እሱ ላይ ነው ብለው የጠያቂዋን ምርጫ ደገፉ።

ይህ እርማት ክሩን አዳነው። ከዚያ በፊት ግማሹ ሰው ስለ ሰማዩ፣ ግማሹ ስለ መሬቱ እያወራ ነበር።

ምላሽ 9

ይህ የእኔ ነው። መምህሩ የማግኔቱን ነገር ሲያነሣ አንድ ትልቅ ልዩነት አልፎት ሄዷል ብዬ ስላሰብኩ ጻፍኩ። ቀስቶቹን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ደርድራችሁ፣ እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደፈለጉት ዲግሪ መዞር እንዲችሉ ብታደርጉ፣ እያንዳንዱም የቅርብ ጎረቤቱን ብቻ ቢሰማ፣ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወሰን፣ በላይ በየትኛውም ሙቀት ላይ ርቀው ያሉት በአንድ አቅጣጫ ሊስማሙ አይችሉም። ትንንሽ ማፈንገጦች ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተደመሩ ይሄዳሉ። ይህ በ1966 እ.ኤ.አ. በሜርሚንና በዋግነር በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ሜዳውም ጠፍጣፋ ነው፤ ኩብኩባውም ወደፈለገው ይዞራል። እንግዲያው ሕጉ መንጋውን መከልከል ነበረበት።

የማይከለክለው ኩብኩባው ሕያው ስለሆነ ነው። ሕጉ የሚሠራው ሙቀቱ ተስተካክሎ በሰከነ ነገር ላይ ነው። ኩብኩባ አይሰክንም፤ ቅጠሉን በልቶ ጉልበቱን በየእርምጃው ያቃጥላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ጆን ቶነርና ዩሃይ ቱ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ቀስቶቹ በጠቆሙበት አቅጣጫ ራሳቸው የሚጓዙ ከሆነ ጎረቤት ይቀያየራል፣ አሁን ከጎኔ ያለው ቆይቶ ሩቅ ካለው ጋር ይገናኛል፣ የአቅጣጫው ወሬ ቆሞ ከሚጠብቅ ይልቅ ተሸክሞት በሚሄደው እግር ይዳረሳል። ስለዚህ ሥርዓቱ በጠፍጣፋ ሜዳ ላይም ሩቅ ድረስ ይዘልቃል። ድንጋይ የማይችለውን ሕያው ነገር የሚችለው ሕግ ጥሶ አይደለም፤ ሕጉ ስለ እሱ ስላልተጻፈ ነው። ይህ ለእኔ በፊዚክስ ውስጥ ካነበብኳቸው ሁሉ እጅግ የሚያስደስተኝ ነገር ነው፤ ለተማሪዎቼ ስነግርም ድምፄ ከፍ ይላል።

ምላሽ 10

የሥነ ሕይወቷ ተማሪ ተመልሳ መጣች። የኔ ማብራሪያ አንድ ነገር እንደጎደለው በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ፤ ትክክል ነበረች። ነጥቦች ሁልጊዜ ነጥቦች ናቸው፤ አንበጣ ግን ይለወጣል። ብቻውን ሲያድግ አረንጓዴና ዓይናፋር ነው፤ ሌላ አንበጣ ሲያይ ይሸሻል። የነፍሳት አጥኚው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ. እስኪያስረዳ ድረስ የብቸኛውና የመንጋው አንበጣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሉ ነበር። በኋላ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ብቸኛውን የበረሃ አንበጣ የኋላ ጭኑን በቀጭን ብሩሽ ለጥቂት ሰዓት ደጋግመው ሲነካኩት ጠባዩ ተቀይሮ ወደ ሌሎች መሄድ ጀመረ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ በዚያ ጊዜ በነርቩ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው፣ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል፣ እንደሚጨምር አሳየ። ይኸው ሴሮቶኒን በእኛም አንጎል ውስጥ አለ። እንግዲህ መጠጋጋት ራሱ፣ ጭን ለጭን መነካካት ራሱ፣ መጠጋጋትን የሚወድ እንስሳ ይፈጥራል። ዝናብ ሲጠፋና ሣሩ በጥቂት ቦታ ብቻ ሲቀር ሳይፈልጉ ይጠጋጋሉ፤ ቆይቶ ይፈልጉታል።

ምላሽ 11 እና 12

ከስምጥ ሸለቆ አንድ ገበሬ ልጅ ግሪሳን አነሣ። ማሽላው ወተት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ይውላል፤ ደመና የሚያህለው የወፍ መንጋ በአንድ ጊዜ ሲታጠፍ እያየ አንዷ ወፍ ለሌላዋ እንዴት እንደምትነግራት ሲገርመው ኖሯል። የሰማውንም ጨመረ፤ እያንዳንዷ ወፍ ሰባት ያህል ጎረቤቶቿን ብቻ ነው የምትከታተለው። 12ኛው መላሽ ሮም ከተማ ላይ በካሜራ የተለካው የሌላ ወፍ መንጋ እንጂ ግሪሳ እንዳልሆነ አረመው፤ ጥናቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ቁጥሩም ከስድስት እስከ ሰባት ነው። የሥራው ፍሬ ነገር ርቀት ሳይሆን ብዛት መሆኑ ነው። መንጋው ቢሳሳም ቢጠቀጠቅም ወፏ የምትቆጥረው ሜትር ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ ጭልፊት ሲበትናቸው ቶሎ ይሰባሰባሉ። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ጆርጆ ፓሪሲ በ2021 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል እንደሆነም ነገረን፤ ሽልማቱ ግን በሌላ ሥራው እንደነበር ጠቆመ።

ምላሽ 13

አንድ ሰው በጣም አጭር ምላሽ ጻፈ፤ ክሩን ግን አናወጠው። ኩብኩባዎቹ የሚሄዱት ስለተስማሙ ሳይሆን እንዳይበላሉ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ፤ ተመራማሪዎች ከሆዳቸው ስሜት የሚያመላልሰውን ነርቭ ሲቆርጡባቸው፣ ከኋላ ሲነከሱ ስለማይሰማቸው መንቀሳቀሳቸው ቀነሰ፣ የሚበሉትም በዙ። ፕሮቲን ሲያጥር ቅርብ ያለው ምግብ ጎረቤት ነው። ከኋላ የሚመጣው ሊነክስ ይመጣል፣ ፊት ያለው ላለመነከስ ይሄዳል፣ የቆመ ይበላል።

ከምላሽ 14 እስከ 19

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተለወጠው። 14ኛው ሰው ከኩብኩባ ዘሎ ሰው ላይ ወጣ። ሥርዓት ያለ መሪ ከሆነ ሕዝብም መሪ አያስፈልገውም፣ ፊዚክስ ራሱ ይህን አረጋግጧል ብሎ በሙሉ ልብ ጻፈ። 15ኛው ተሳለቀበት፤ ያለ መሪ የሚሄድ ሕዝብ ማሳ በልቶ የሚያልፍ መንጋ ነው አለው። 14ኛው ተመልሶ ስለ 15ኛው ትምህርት ደረጃ ያልሆነ ነገር ተናገረ። 17ኛው ዘር ጨመረበት። ይህን ክፍል አልዘረዝርም።

በመካከል ግን 16ኛው አለ፤ ሁለቱ ሲዘላለፉ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ አየዋለሁ። ጅዳ የሚኖር መሐንዲስ ነው። ስለ ሰው ማውራት ካለብን የተለካውን እናውራ ብሎ መካ አጠገብ ሚና በተባለው ቦታ የሆነውን አነሣ። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. በሐጅ ጊዜ በጀመራት ድልድይ መግቢያ ከ340 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቹ በቦታው የነበረውን የቪዲዮ ቅጂ መርምረው በቀጣዩ ዓመት ያወጡት ውጤት ይህ ነው፦ ሕዝቡ ሲጠቀጠቅ በመጀመሪያ አካሄዱ ለስላሳ ነበር፤ ቀጥሎ ቆም ሄድ ቆም ሄድ የሚል ማዕበል ወደ ኋላ ተላለፈ፤ ከዚያ ሰው እግሩን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚገፋበት ሁከት ተነሣ። በዚያ ሰዓት የገፋ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም አልሮጠም። ደረት ለደረት የተጣበቀ ሕዝብ ውስጥ ግፊቱ ከአካል ወደ አካል ያልፋል፤ ከኋላ ያለው ከፊት ሰው እየወደቀ መሆኑን አያይም። መፍትሔው የመጣው ከስብከት አይደለም፤ ድልድዩ በብዙ ፎቅ እንደገና ተሠራ፣ መግቢያና መውጫ ተለየ፣ አካሄዱ በአንድ አቅጣጫ ሆነ። መሐንዲሱ እንዳለው ከአንበጣው ለሰው የሚተርፈው ትምህርት ስለ ሥልጣን ሳይሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሰው እንደቆመ ነው። ታቦት አጅቦ የሚሄድ ሕዝብ ውስጥ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የቆመ አባት ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

18ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ፤ 19ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሲሆን 17ኛውን አጥፍቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አዘዘ።

ምላሽ 20

ጀርመን አገር ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ወጣት ሰላምታ ሳይሰጥ ገባ። እስከ 13ኛው የተጻፈው ሁሉ ያረጀ ነው አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚያው ሳይንስ መጽሔት ከጀርመኗ የኮንስታንዝ ከተማ የወጣ ሥራ የቪቼክን መሠረት ነቅሎታል ብሎ አብራራ። ቡድኑ በ2020 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ በወረራው መካከል ኩብኩባዎችን ሜዳ ላይ አጠና፤ ቀጥሎ በቤተ ሙከራ አንድን ኩብኩባ በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በኮምፒዩተር በተሠራ ምናባዊ ዓለም፣ ውስጥ አስገብቶ በምስል የተሠሩ ኩብኩባዎች በዙሪያው እንዲሄዱ አደረገ። በግራም በቀኝም ሁለት ሰልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያልፍ፣ ኩብኩባው አቅጣጫቸውን የሚቀዳ ቢሆን ኖሮ መሐላቸው ሆኖ አብሮ በሄደ ነበር። አልሄደም፤ ወደ አንደኛው ሰልፍ ዞረ። ማለትም ኩብኩባው ጎረቤቱ ወዴት እንደሚሄድ አያሰላም፤ ጎረቤቱ በየት በኩል እንዳለ ያያል፤ አንጎሉ ውስጥም በተለያየ አቅጣጫ ካሉት ወደ የትኛው ልሂድ የሚለው ውሳኔ ይካሄዳል። እንደሱ አባባል 74 የሚባል ቁጥር ላይ የሚፈነዳ አስማት የለም፤ ዋናው ዓይኑ የሚያየው እንቅስቃሴ ምን ያህል የተስማማ ነው የሚለው ነው። የመምህሩን ምላሽ የኮምፒዩተር ጨዋታ ብሎ ጠራው።

ምላሽ 21 እና 22

መምህሩ ተቆጣ። ወጣቱ ጽሑፉን ያነበበው ርዕሱን ብቻ ነው፣ ቪቼክ ስለ አንበጣ አንድ ቃል አልጻፈም፣ የፊዚክስ ሞዴል ዓላማው ነገሩን ሁሉ መምሰል ሳይሆን የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ማስቀረት ነው ብሎ በተከታታይ ደረደረ። መጨረሻ ላይ የተናገረውን ባይናገር ይሻል ነበር።

22ኛው ጋሼ ናቸው። ሁለቱንም ገሠጹ። ኩብኩባ በሌሊት ቁጥቋጦ ላይ ወጥቶ ያድራል፤ ጠዋት ሲበርደው ወርዶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲሞቀው ብቻ ጉዞ ይጀምራል። ይህን ሳታውቁ ስለ አቅጣጫ የምትከራከሩት እውነተኛውን ሜዳ ሳታዩ ነው አሏቸው። ሁለቱም ጋሼን ይቅርታ ጠየቁ፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተጠያየቁም።

ምላሽ 23

ሁለተኛው የእኔ። ሁለቱ የተጣሉበትን ነገር ለይቼ ለማስቀመጥ ሞከርኩ፤ አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። ቀለበቱ ላይ የታየው ነገር አልተሻረም። ጥቂቶች ሲሆኑ በየፊናቸው መሄዳቸው፣ ሲበዙ አብረው መዞራቸው በካሜራ የተቀረጸ ነው። የተሻረው ምክንያት ተብሎ የተሰጠው ነው። ከዚያ ብዛት ጋር ምንጊዜም አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ዓይን የሚያየው ነገር እየተስማማ ይሄዳል። ብዛትና መስማማት ቀለበቱ ውስጥ ተጣብቀው ስለሚመጡ መለየት አይቻልም ነበር፤ የምስሉ ኩብኩባ ለያቸው።

ወጣቱ ያልነገረን ነገር ደግሞ አለ፤ ለዚህ ክር እሱ ይበልጣል። በአዲሱ ማብራሪያም ንጉሥ የለም። ሕጉ አቅጣጫን መቅዳት ይሁን ወደ ጎረቤት መሳብ፣ ጎረቤቱን ብቻ የሚያይ እንስሳ ነው ሥርዓቱን የሚሠራው። ትክክለኛውን የጎረቤት ሕግ ግን ቀመሩ ስላማረ ብቻ ልንመርጥ አንችልም፤ እንስሳው መጠየቅ አለበት። ጠያቂዋ አንዱን ኩብኩባ አዙራ ስታስቀምጠው ያደረገችው ይህንኑ ነው። ዞሮ ከመሄዱ በፊት ከሚመጡት ጋር መላተሙን፣ ፊት ያለው ቆሞ ሲበላ ከኋላ ያለው እንደሚያልፈው የጻፈችው ከ21ኛው ቁጣ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ግንባር ላይ ያለው ቢቀያየርም አቅጣጫው እንደማይቀየር ያየችው እሷ ናት።

ወጣቱ ምስጋና ጻፈልኝ። መምህሩ ምንም አልመለሰም።

ከምላሽ 24 እስከ 27

ወደ መድኃኒት ርጭት ተሄደ። አንድ ንብ አናቢ ርጭቱ ካለፈ በኋላ ቀፎው ፊት ንቦቹ ወድቀው ማግኘቱን ጻፈ፤ ሦስት ሰው የየራሱን ጨመረበት። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ የራሱ ክር ይገባዋል፣ ተቆጣጣሪውም እንደዚያው አለ።

ምላሽ 28 እና 29

ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና ሥራ ላይ የሚውል ጥያቄ አመጣች፤ ይህ ሁሉ እውቀት ከታወቀ ገበሬው በየትኛው በኩል ይቁም? ከኋላ ቢያባርር ይሻላል ወይስ ከፊት ቢጠብቅ?

ጋሼ መለሱላት፤ ክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተቀዳው ምላሽ ይህ ነው። ኩብኩባን ከኋላ ማባረር ጉልበት መጨረስ ነው። አቅጣጫውን ስለማይለቅ ከፊቱ ይጠበቃል። ድሮ ገበሬው በመንገዱ ላይ ቦይ ይቆፍርና እየገባ ሲሞላ አፈር ይመልስበታል፤ ወደ ቦዩ ለማስገባት ግራና ቀኝ ቅጠል ይዞ የሚቆም ሰው ይበቃል። በዘመናዊው አሠራርም ማሳውን ሁሉ ከመርጨት ይልቅ መንገዱን አቋርጦ በሰፊ ርቀት ቀጫጭን መስመር መርጨት ይቻላል፤ መንጋው ራሱ እየሄደ መስመሩን ያገኘዋል። መድኃኒቱ የሚነካው መሬት ያንሳል፣ ንቡም ይተርፋል። ከማምለጡ በፊት ያለው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ አምስት ጊዜ ያህል ቆዳውን ቀይሮ ክንፍ ካወጣ በኋላ ወሬው የነፋስ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ሳይሞቀው፣ ቁጥቋጦው ላይ ተከማችቶ ሳለ የት እንዳለ የሚያይ የቀበሌ ሰው ከአውሮፕላን ይቀድማል።

ምላሽ 30 እና 31

የ12ኛ ክፍሉ ተማሪ፣ 3ኛውን የጻፈው፣ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሁለት መንጋ በተለያየ አቅጣጫ መጥተው ቢገናኙስ? የጀርመኑ ወጣት ነው የመለሰለት፣ በዚህ ጊዜ ሰላምታ ሰጥቶ። እያንዳንዱ ኩብኩባ ወደሚያየው ብዙ ጎረቤት ስለሚሳብ ይቀላቀላሉ፤ የጋራ አቅጣጫቸው ደግሞ በተገናኙበት ማዕዘንና በሁለቱ ብዛት ላይ ይንጠለጠላል። ተማሪው በክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራው እንደሚችል ነግሮት ሁለቱንም ሕግ፣ አቅጣጫ የሚቀዳውንና ወደ ጎረቤት የሚሳበውን፣ በጥቂት መስመር ጻፈለት፤ በሁለቱም ሞክሮ ልዩነቱን ክሩ ላይ እንዲለጥፈውም ጠየቀው።